ንባቡን ተምረው ትርጓሜው ለቀረባቸው

መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ የመስቀል ደመራ በሚለኰስበት ሰሞን፣ እዚህ በሰሜን ለንደን በሆሎዌይ ሮድ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎቹን ይቀበላል፤ ከአውቶቡስና ከምድር ባቡር ወርደው ወደ በሩ ከሚያመሩት ወጣቶች መካከልም ወላጆቻቸው ከአዲስ አበባ፣ ከጐንደር፣ ከደሴ ወይም ከመቀሌ ተሰደው የመጡ፣ እነርሱ ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ የኢትዮጵያ ልጆች አይጠፉም። ከእነዚህ ልጆች የምጣኔ ሀብትን ትምህርት የሚመርጡት ጥቂት አይደሉም፤ ኤኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ባንክ ይገባል፣ ካልሆነም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ያገኛል፣ እናቱንም ከሌሊት ጽዳት፣ አባቱንም ከታክሲ መሪ ያሳርፋል ተብሎ ስለሚታመን ወላጆቻቸው ምርጫውን በደስታ ይመርቁታል። ይህ ተስፋ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልጆቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ተምረው፣ ምንስ ሳይማሩ እንደሚወጡ አጥብቆ የሚጠይቅ ወላጅ እምብዛም ስላላየሁ፣ መምህራኑም በዚህም ሆነ በአገር ቤት ስለዚሁ ጉዳይ በአደባባይ ሲናገሩ እምብዛም ስላልሰማሁ፣ የሚሰማኝን ለመጻፍ ተነሣሁ። (ዓመታቱንና ቀኖቹን፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ ዋጋው ይታወቅ። በእንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በ2025 እስከ 9,535 ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ ልጁ ገንዘቡን ከመንግሥት ተበድሮ ይከፍላል፤ ከ2023 ወዲህ የገባ ተማሪ ደግሞ ገቢው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ከትርፉ ላይ ከመቶ ዘጠኝ እየተቈረጠበት ዕዳውን እስከ 40 ዓመት ድረስ ይሸከማል። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እስከ ሽምግልናው ደጃፍ የሚከተለውን ዕዳ ሲፈርም፣ የተዋዋለበትን ነገር ምንነት መመርመር ነውር ሊሆን አይገባም። የሆሎዌይም ትምህርት ቤት ቢሆን ሲጀመር ለድኻ ልጅ የታሰበ ነበር፤ በ1896 የሰሜን ፖሊቴክኒክ ተብሎ ሲከፈት ዓላማው የአካባቢውን የኢዝሊንግተን ወረዳ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ሙያና ዕውቀት ማስጨበጥ ነበረና። ከዚያ ወዲህ ስሙ እየተለዋወጠ፣ በ2002 ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ የለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ኤኮኖሚክስም ከሚያስተምራቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። እኔ ግን ስለዚህ ትምህርት ቤት ብቻ አልናገርም፤ የምናገረው በካምብሪጅም፣ በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም ስላለ ጕድለት ነው።

ጕድለቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ በእኛ በአበው ጉባኤ ቤት ሥርዓት ብገልጸው ይቀለኛል። በመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙሩ ነጠላውን ንባብ ካጠና በኋላ ወደ ትርጓሜው ይገባል፤ መምህሩም አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ ‹‹አንድም›› እያለ፣ የተጻፈበትን ዘመን፣ የተነገረለትን ሕዝብ፣ የቀደሙት መምህራን የተከራከሩበትን ምሥጢር እያመጣ ያሳየዋል፤ ንባቡን ብቻ አድርሶ የወጣ ሰው ድምፁ ምንም ቢያምር መምህር አይባልም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የምጣኔ ሀብት ትምህርት በአብዛኛው ይህ ነጠላ ንባብ ነው፦ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር፣ የሸማቹ ምርጫ፣ የገበያው ሚዛን፣ ከዚያም ካልኩለስና ስታቲስቲክስ። ልጁ ይህን ሁሉ በሚገባ ያነባል፤ ስለ ማን እንደ ተጻፈ፣ በየትኛው አገር በምን ዘመን እንደ ታየ፣ በእናቱ አገር ሲመዘን ምን ሆኖ እንደሚገኝ የሚነግረው ግን የለም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ኤኮኖሚክስ የሚማር ወጣት የአገሩን የሀብት ታሪክና የአገሩን ሰው አኗኗር ከንባቡ ጋር እኩል ካልተማረ፣ ዲግሪው በእጁ ቢሆንም ትምህርቱ ገና አላለቀም።

ትርጓሜውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሆሎዌይና በካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ካሉት የአበሻ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ በጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሴት ደብተር ዘርግታ፣ ሌሎቹ ፓውንዳቸውን እየቈጠሩ ሲያቀብሏት፣ የታጠፉ ወረቀቶችም በሳሕን ላይ ሲናጡ ያያል፤ ዕቁብ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ፓውንድ ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣ የወጣላት 4,000 ፓውንድ ይዛ ትሄዳለች፤ ከመሄዷ በፊት ግን ዋስ ትጠራለች። በመጀመሪያው ወር የደረሳት ሴት ያለ ወለድ ተበደረች፤ በሃያኛው ወር የሚደርሳት ደግሞ ያለ ወለድ አበደረች። አገር ቤት ለለቅሶ መሄድ ያስቸኰላት ወይም የቤት ኪራይ ቀብድ የተጠየቀች ሌላዋ መጥታ ‹‹ዕጣሽን ሽጭልኝ›› ብላ መቶ ኀምሳ ፓውንድ ብትጨምርላት ደግሞ፣ ያ መቶ ኀምሳ ፓውንድ የጊዜ ዋጋ ነው፤ የብድር ገበያ የሚባለው ከነወለዱና ከነዋስትናው በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ ተከናወነ ማለት ነው። ደብተሩን የያዘችው የዕቁቡ ዳኛ አዲስ ሰው ከማስገባቷ በፊት ‹‹ማን ያውቃታል?›› ብላ ስትጠይቅ፣ ባንኮች በገንዘብ የሚገዙትን የተበዳሪ ምርመራ በነፃ ትሠራዋለች። በዚሁ ሰፈር የሚኖሩት ሶማሌዎች ሀግባድ፣ ጃማይካውያንም ፓርድነር ይሉታል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ይህን ማኅበር ሊቃውንቱ አልናቁትም። በ1993፣ በኋላ የለንደኑ የኤኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ ኤልኤስኢ የሚባለው፣ መምህር የሆነው ቲሞቲ ቤዝሊ ከስቲቨን ኮትና ከግሌን ላውሪ ጋር ሆኖ በአሜሪካ ዋነኛው የኤኮኖሚክስ መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ማኅበር አባላቱ ከፋፍለው የማይገዙትን ትልቅ ዕቃ ለብቻቸው ቢያጠራቅሙ ከሚያገኙበት ጊዜ አስቀድመው እንዲያገኙት እንደሚያደርግ በሒሳብ አረጋገጠ፤ ደግሞም አባላቱ በፍላጎታቸው ሲመሳሰሉ በጨረታ ከሚሰጠው ይልቅ በዕጣ የሚሰጠው እንደሚሻል አሳየ። እንግዲህ የሒሳቡን ቋንቋ እንደ ጠላት የማይ ሰው አይደለሁም፤ የእናቶቻችን ዕጣ ከጨረታ የሚሻልበትን ምክንያት አጥርቶ የገለጠው ያው ሒሳብ ነውና። የሚያሳዝነኝ የዕቁቡ ዳኛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ብድር ገበያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲማር፣ እናቱ በየወሩ የምትይዘው ደብተር የትምህርቱ አካል መሆኑን ሳይሰማ የሚመረቅ መሆኑ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ ሆሎዌይ ራሱ የሚነግረን አለው። በ2016 የተዘጋው የሆሎዌይ የሴቶች ወኅኒ ቤት፣ የሴቶችን የመምረጥ መብት ለማስከበር የታገሉት ብዙ እንግሊዛውያት የታሰሩበት ቦታ ነው፤ ከእነርሱም አንዷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ። በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰሩበት ይህ ወኅኒ፣ በ1913 ደግሞ ምግብ እምቢ ቢሉ በጕሮሯቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ የተመገቡበት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ከጎናችን የቆሙት እኒሁ ሴት ናቸው፤ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሜይ 5 ቀን 1936፣ ‹‹ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ›› የተባለውን ጋዜጣ ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል አዘለቁት። በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በ1960 ዐረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ይህን ያውቃል። ለዛሬው ነገሬ የሚያስፈልገኝ ግን የልጁ ትምህርት ነው፦ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የዶክትርና ማዕርጋቸውን ከኤልኤስኢ የተቀበሉት በኤኮኖሚ ታሪክ ነበር። አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምሩ፣ በ1963ም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ያንን ትምህርት በእኛ መዛግብት፣ በመንገደኞች ማስታወሻና በሽማግሌዎች ቃል ላይ አዋሉት፤ ፍሬውም በ1968 የታተመው፣ ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ዘመን የሚያወሳው የኢትዮጵያ የኤኮኖሚ ታሪክ ነው።

ስለ ገንዘብ ባሕርይ የሚማር ተማሪ እንዲህ ባለው ታሪክ ውስጥ አሞሌን ቢያገኝ ምን ያህል በተጠቀመ! ከአፋር በረሃ የሚቈረጠው የጨው አሞሌ በግመልና በአህያ እየተጫነ ደጋ በወጣ ቍጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ከምንጩ አጠገብ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ይመነዘራል፣ ሩቅ አገር ሲደርስ ግን ጥቂት ብቻ። አሞሌ ይሰበራል፣ በዝናብ ይሟሟል፣ ሲቸግርም ይበላል፤ ብሩ ግን፣ ማርያ ቴሬዛ የምንለው፣ ከኦስትሪያ እየተቀረጸ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሚመጣ ነበር። ሁለት ገንዘብ በአንድ ገበያ ሲሠራ፣ አንዱ ከውጭ ሌላው ከውስጥ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በየትኛው መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል? በጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ዕለት ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ሲወጣ፣ በጥቂት ሳምንትም ከ100 ሲያልፍ፣ እዚህ ሆሎዌይ ያሉ እናቶች ‹‹ዛሬ ስንት ገባ?›› እየተባባሉ በባንክ ልላክ ወይስ በሐዋላ ሲሉ የሰነበቱበት ጥያቄ በአሞሌው ዘመንም የነጋዴው ጥያቄ ነበር።

ከፓንክኸርስትም በፊት የራሳችን ሰው አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍረው አውሮፓ ገቡ፤ በኦስትሪያና በጀርመን ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በምድር ባቡሩና በድሬዳዋ ጕምሩክ አገልግለው በ1919 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ዐረፉ። ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1924 ታተመ። በዚያ መጽሐፍ፣ ዕውቀትና መሣሪያ የሌለው ሕዝብ ዕውቀትና መሣሪያ ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም እንደሚቀበል፣ ስለዚህም ንግዱ በሰፋ ቍጥር ድኻው ባለበት እንደሚቀር በንጹሕ አማርኛ አስረድተዋል፤ በየኬላው የሚቈረጠው ቀረጥ የአገር ውስጥ ንግድን እንዴት እንደሚያንቅም አመልክተዋል። ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ በ1950 የአርጀንቲናው ራውል ፕሬቢሽና ጀርመን የተወለደው ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ ሻጮች አገሮች ከፋብሪካ አገሮች ጋር በሚያደርጉት ንግድ እየከሰሩ እንደሚሄዱ ሲጽፉ፣ ዓለም ሁሉ እንደ አዲስ ሐሳብ ተቀበላቸው፤ እስከ ዛሬም የሆሎዌይ ተማሪ የሁለቱን ስም አጥንቶ ለፈተና ይጽፋል። የገብረ ሕይወትን ስም ግን አልሰማም። በአማርኛ ብቻ ስለ ቀረ ነው እንዳይባል፣ መጽሐፉ በ1995 እዚሁ ለንደን፣ ተንክር ቦንገር በተባሉ ኢትዮጵያዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ታትሟል። በአዲስ አበባ የኤኮኖሚክስ ክፍል መምህራን አንዳንዶቹ ስለዚህ ሰው ብዙ ደክመው መጻፋቸውን አውቃለሁ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የእኔ ሐዘን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ንባቡን ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ይህ መጽሐፍ በእጁ አለመግባቱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እመጣለሁ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በወሎ የወረደው ረሃብ ወሬው ለንደን የደረሰው በ1973 ማብቂያ ላይ ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፣ በአገራችንም የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን ካናጉት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። በዚያ ዘመን በኤልኤስኢ ያስተምር የነበረው፣ በልጅነቱ የ1943ን የቤንጋል ረሃብ በዐይኑ ያየው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን፣ በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚናገር መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጠ። ያገኘውም ነገር የመማሪያ መጽሐፉን ንባብ የሚያናውጥ ነበር። እህል ሲጠፋ ዋጋው ይንራል፣ ዋጋው ሲንር ነጋዴ ከሌላ አገር ያመጣል፣ ይላል ንባቡ። በደሴ ገበያ ግን የእህል ዋጋ ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ሳለ እንኳ ብዙ አልጨመረም፤ በመላው ኢትዮጵያም የዚያ ዓመት ምርት ከወትሮው እጅግ የወረደ አልነበረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ለምን ቢሉ፣ የወሎ ገበሬ አዝመራው በመሬቱ ላይ ሲደርቅበት የሚበላውን ብቻ አላጣም፤ የሚሸጠውንም አጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ ደግሞ በገበያ አይሰማም። የቀን ሠራተኛው፣ ሸማኔው፣ ሎሌው፣ ገበሬው ሲነጥፍ አብረው ነጠፉ፤ የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱ ከማለቁም ሌላ የተረፈውን ሲሸጥ በዋጋው የሚገዛው እህል እያነሰበት ሄደ።

ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ስቲቨን ዴቨሩ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1988 ሴንን ተቃውሞ፣ የወሎ የእህል ጕድለት ራሱ ሊታለፍ እንደማይገባ፣ ገበያውም በመንገድ እጦት የተቈራረጠ እንደ ነበር ጻፈ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን የረሃብ ዓመታት አንድ በአንድ መርምረው፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው ከዝናቡ ይልቅ በጫንቃው ላይ የተቀመጠው ሥርዓት ነው አሉ። አንድም የመግዛት ዐቅም፣ አንድም የእህል ጕድለት፣ አንድም የሥርዓት ግፍ፤ ይህ ነው ትርጓሜ ማለት። ተማሪው ከሦስቱ ማንኛቸው እንደሚያሳምነው ለመወሰን የዝናቡን መዝገብ፣ የደሴን የገበያ ዋጋ፣ የጭሰኛውን ውል ማየት ይኖርበታል፤ ያንጊዜ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር የሚያስረዳውን ነገርና የሚደብቀውን ነገር በአንድነት ይማራል። ወላጆቹ ከደሴ የመጡ ልጅ ደግሞ ያንን ዘመን አያቱን በስልክ ጠይቆ ሊሰማው ይችላል፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ምስክር ነውና፣ አያቲቱ በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ።

በአገር ቤት ያለፍንበት መንገድ ነገሩን የበለጠ ያስረዳል። በደርግ ዘመን የምጣኔ ሀብት ተማሪው የማርክስንና የሌኒንን ቃል ያጠና ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የቺካጎንና የዋሽንግተንን የነፃ ገበያ ቃል ያጠናል። ሁለቱም በየመልካቸው ብዙ እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ወደኛ የመጡት እንደ ነጠላ ንባብ፣ ‹‹ደግመህ በል›› ተብለው ነው። ንባብ ብቻ ይዞ አገር የሚያስተዳድር ሰው የሚሠራውን ከእህል ኮታው አይተናል፦ መንግሥት ያቋቋመው የእህል ገበያ ድርጅት ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ከገበያ ዋጋ ባነሰ እንዲያስረክብ ሲያስገድድ፣ ምርት የከዳው ገበሬ ከጎረቤት ገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር፤ ይህም እስከ 1990 ዘለቀ። ያንን መመሪያ ያወጡት ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም። የተማሩት ንባብ ግን ስለ ጎጃሙ ገበሬ ጎተራ አንድም ቃል አልነገራቸውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኮታው ይነሣ እንጂ ገበያው ራሱን በራሱ ያቃናል ተባለ፤ እርሱም እንደ ተባለው አልሆነም። እሌኒ ገብረ መድኅን ለዶክትርና ጥናታቸው የእህል ነጋዴዎችንና ደላሎችን በየገበያው እየተከተሉ ሲያጠኑ፣ አንዱ ነጋዴ ሌላውን ሳያየው፣ የእህሉንም ጥራት ሳያውቅ እንዴት እንደሚገበያይ፣ ደላላውም እምነትን በኮሚሽን እንዴት እንደሚሸጥ አሳዩ፤ በ2008 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሐሳቡ የበቀለው ከዚህ ዓይነት ጥናት ነው። ስለ ድርጅቱ የኋላ ሥራ ሰው እንደየአስተያየቱ ሊናገር ይችላል። ደላላን እንደ ጥገኛ ነፍሳት ከማየት ይልቅ ምን ሥራ እንደሚሠራ ቀርቦ መጠየቅ ግን የትርጓሜ መጀመሪያ ነው።

አንዳንድ አንባቢ እንዲህ ያለው ትምህርት ለጥቍር ሕዝብ የተለየ ነገር መጠየቅ ነው ሊል ይችላል። አይደለም፤ እንግሊዞች ራሳቸው ጠይቀውታል። በኖቬምበር 5 ቀን 2008 ንግሥት ኤልሳቤጥ የኤልኤስኢን አዲስ ሕንፃ ሊመርቁ በመጡ ጊዜ፣ ያን ያህል ትልቅ የገንዘብ ቀውስ እንዴት ማንም አስቀድሞ አላየውም ብለው መምህራኑን ጠየቁ፤ በተከታዩ ዓመት ሊቃውንቱ ለንግሥቲቱ በጻፉት መልስ፣ ብዙ ብልህ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ሲሠሩ ሙሉውን ነገር በአንድነት ማሰብ እንደ ተሳናቸው አመኑ። ከመልሱ ፈራሚዎች አንዱ ስለ ዕቁብ የጻፈው ያው ቲሞቲ ቤዝሊ ነበር። በ2012ም የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ታላቁን ቀውስ በዐይናችን እያየን እርሱን የማያነሣ ኤኮኖሚክስ ስለ ምን እንማራለን ብለው ተነሡ፤ የኤኮኖሚ ታሪክና የተለያዩ የሐሳብ ወገኖች እንዲጨመሩላቸውም ጠየቁ። የማንቸስተር ልጅ የራሱ አገር ታሪክ ከትምህርቱ ጎደለ ብሎ ከጮኸ፣ የሆሎዌዩ የእኛ ልጅ ስለ ምን ዝም ይላል?

ሌላው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣው ነው፤ እርሱም፣ ‹‹ልጄ ሥራ ይያዝ እንጂ ስለ አሞሌ ቢማር ምን ይበጀዋል?›› የሚል ነው። እማማዬ፣ አባብዬ፣ ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ የአርባ ዓመት ዕዳ የፈረመ ልጅ እንጀራውን ማሰብ አለበት። ነገር ግን ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ የሚጠይቀው የተማርኸውን ቀመር ድገምልኝ ብሎ አይደለም፤ ያላየኸውን ነገር እንዴት ትመረምራለህ ብሎ እንጂ። ለዚህ ምስክር ቢያስፈልግ፣ ከሴንት ሉሺያ ደሴት በ1933 ለንደን የገባው ጥቍሩ ወጣት አርተር ሉዊስ፣ በኤልኤስኢ ተምሮ፣ የድኻ አገሮች ሠራተኛ ከእርሻ ወደ ፋብሪካ እንዴት እንደሚሸጋገር የገለጠበትን ጽሑፍ በ1954 ሲያወጣ የትውልድ ቦታውን አልረሳም፤ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው ስለ ድኻ አገሮች የሠራው ሥራ ነው።

መምህራኑን ደግሞ በትሕትና የምለምናቸው ነገር አለኝ። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በጐንደር ያላችሁ፣ የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ ለታሪክ ክፍል ብቻ አትተዉት፤ በመጀመሪያው ዓመት ከማንኪው የኤኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ አጠገብ ይቀመጥ። በ1998 ያረፉት ዶክተር እሸቱ ጮሌ ስለ ኢትዮጵያ ኋላ ቀርነት የጻፏቸው ድርሰቶች በ2004 ተሰብስበው ታትመዋል፤ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ሳይሆን ሳይመረቅ ያንብባቸው። በለንደን ያላችሁ ደግሞ፣ ከፊታችሁ የተቀመጠው ተማሪ ቤቱ ውስጥ ዕቁብ፣ ሐዋላና ዕድር እያየ ያደገ መሆኑን ዕወቁ፤ ጠይቁት፣ ከክፍሉ ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለና።

ልጆቹም እስኪታዘዙ አይጠብቁ። በሦስተኛው ዓመት ብዙው ተማሪ በመረጠው ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ አብዛኞቹ መረጃው በቀላሉ ስለሚገኝ የእንግሊዝን የቤት ዋጋ ወይም የአሜሪካን የወለድ ተመን ይመርጣሉ። ከ2024 የብር ለውጥ በፊትና በኋላ ከሆሎዌይ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ ስንት እጁ ከሐዋላ ወደ ባንክ ዞረ? በሆሎዌይ በናግስ ሄድ ገበያ የሚሸጠው ጤፍ በሸማቹ እጅ እስኪገባ ስንት እጅ ያልፋል፣ በእያንዳንዱስ እጅ ምን ይጨመርበታል? የዕቁብ ዕጣ የሚሸጥበት ዋጋ የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? መልሱን እኔ አላውቀውም፣ መምህራኑም አያውቁትም፤ ደብተሩ ያለው ግን በዳኛዋ እጅ ነው፣ እርስዋም ልጇ በአክብሮት ቢጠይቃት አትከለክለውም።